አባቴን ከመንገድ ያስቀረው መብራት

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየ፤ ዛሬም እዚያው ነው የሚሰፋው። ግራ ዓይኑን የዓይን ግፊት ወሰደበት። ቀኙ ላይ ሞራ ወጥቶ ተገፈፈለት። ቀን ቀን ደህና ያያል፤ መርፌ ላይ ክር እንኳ ራሱ ነው የሚያስገባው። ሲመሽ ግን የመኪና መብራት ሲመጣበት ብርሃኑ ዓይኑ ውስጥ ይበተንና ሁሉም ነገር ነጭ ይሆንበታል። የዓይን ሐኪሟን ስንጠይቃት፣ «ለዚህኛው ችግር ከዚህ በላይ ላደርግላቸው የምችለው የለም» አለችን። አባቴ አመስግኗት ወጣ። ደረጃው ላይ ስንደርስ ብቻ፣ «መግሪብስ?» አለኝ።

እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ከሰው ጋር የሚቀላቀለው በመግሪብ፣ በምሽቱ ሶላት ሰዓት ነው። ሱቁን ዘግቶ ወደ መስጊድ ይሄዳል፤ ከሶላት በኋላ ከእኩዮቹ ጋር በር ላይ ቆሞ ያወራል፣ ይስቃል። መስጊዱ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። መንገዱ ሳይሰፋ በፊት ሁለት ሦስቴ ተራምደው የሚሻገሩት ነበር። አሁን ለአንድ ሽማግሌ ሜዳ ነው። መኪናውም ሌላ ሆኗል። ድሮ የመኪና መብራት ቢጫ ነበር፤ መኪና መምጣቱን ይነግርሃል እንጂ ዓይንህን አይወጋም። ዛሬ ከፋብሪካ የመጣው መብራት አልበቃ ብሎት ባምፐሩ ላይም ጣራው ላይም ፓውዛ የሚያስገጥመው ስንቱ ነው! ረጅሙን መብራት አብርቶ ከተማ ውስጥ ይነዳል፤ ዲም ማድረግ፣ ለሌላው ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር ተረስቷል።

ይዤህ ልሻገር ብለው እሺ አላለኝም። «አርጅቻለሁ እንጂ አልታወርኩም» አለ። ስለዚህ ከሥራ እንደተመለስኩ ኋላ ኋላው መሄድ ጀመርኩ። ዳቦ ልገዛ ነው እላለሁ፤ በማግስቱ ሳሙና፣ ከዚያ ቲማቲም። አንድ ቀን መሻገሪያው ዜብራ ጋ ቆሞ፣ ፊቱን ሳያዞር፣

«ዛሬ ደግሞ ምን አለቀብን?» አለኝ።

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ ምክንያት መፍጠሩን ተውኩት፤ እሱም መከተሌን አልከለከለም።

ያ ክረምት ዝናቡ የበዛበት ነበር። አንድ ምሽት ዝናቡ ገና እንዳባራ ወጣን። በሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ከመኪኖቹ በቀር ብርሃን የሚባል የለም። ከግራችን የሚመጣ ሚኒባስ ቆመልንና መሃል አስፋልት ድረስ ተሻገርን። ከቀኝ አንድ ትልቅ መኪና መጣ። ረጅሙን አብርቷል፤ ጣራው ላይ የተደረደሩት ፓውዛዎችም በርተዋል። እርጥቡ አስፋልት ደግሞ ያንኑ ብርሃን ከታች መልሶ ረጨብን። እኔ ዓይኔ ጤነኛ ነው፤ ግን ዜብራውም ጠፋኝ፣ ማዶ ያለው አጥርም ጠፋኝ፣ የገዛ ጫማዬም ጠፋኝ። በእጄ ዳበስኩና የአባቴን ክንድ አገኘሁት።

«አባዬ፣ ወደ ኋላ እንመለስ!»

«ኋላው በየት ነው?» አለኝ።

እኔም አላውቅም ነበር። የቆመልን ሚኒባስ ሄዷል፤ ከጀርባችን መኪና በመኪና ላይ ሲያልፍ ነፋሱ ይመታኛል። አንድ ሞተር አጠገባችን ሽው ሲል የአባቴን ኮት ነካው። አባቴ ተንገዳግዶ ቆቡ ወደቀ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ፣ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ይላል። ከዚያ እርጥቡ አስፋልት ላይ ቁጭ አለ። ብጎትተው አልነሳ አለኝ። የስልኬን ባትሪ አብርቼ እያወዛወዝኩ ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም። የመኪኖቹ ጥሩንባ ድምፄን ዋጠው። በዚያ ሁሉ ብርሃን መሃል እዚያ መኖራችንን የሚያውቅ አንድም ሰው እንደሌለ ገባኝ። አባቴ ላይ ጎንበስ ብዬ ጀርባዬን ለመኪናው ሰጠሁ፤ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር።

ጎማ ሲንሸራተት ሰማሁ። መኪናው በጣም ተጠግቶን ቆመ። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ዘሎ ወርዶ፣

«ገጨሁት? ገጨሁት እንዴ?» ይላል።

«መብራቱን አጥፋልኝ!» አልኩት። «በአላህ መብራትህን አጥፋልኝ!»

«እህቴ፣ ካጠፋሁት ከኋላ የሚመጣው ይጨርሰናል።» ትንፋሹን ሰበሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም እኮ ማታ ማታ አላይም ነበር። ሁሉም ሲያበራብኝ ጊዜ ነው ፓውዛውን ያስገጠምኩት።»

አባቴ ካለበት ቀና አለ። «ልጄ፣ አይተኸኝ ነበር?»

ሰውዬው ወደ መብራቶቹ ዞሮ አየ። በኋላ፣ «አላየሁዎትም አባቴ» አለ። «የልጅቷ ስልክ ሲወዛወዝ አይቼ ነው ፍሬን የያዝኩት።»

አባቴን ደግፎ አንስቶ ማዶ አሻገረን። ይቅርታ እያለ ቆቡን ፈልጎ አመጣ፤ ቆቡ ላይ ጎማ ሄዶበት ነበር። ልቆጣው ፈልጌ ቁጣ አጣሁ። ሶላቱ አልፎናል። መስጊዱ በር ላይ ጓደኞቹ የአባቴን ሱሪ ጭቃ ሆኖ ሲያዩት ከበቡት፤ «አዳለጠኝ» አላቸው።

በማግስቱ ዜብራው አጠገብ የቆመ ትራፊክ ፖሊስ አገኘሁና ነገርኩት።

«ሰሌዳውን ይዘሻል?» አለኝ።

«በዚያ መብራት ሰሌዳ እንዴት ይታያል?»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለ፤ «እኛም ማታ የምናስቆመው እየገመትን ነው።» ክፉ ሰው አልነበረም። ከዚያ ፊሽካውን እየነፋ ወደ መንገዱ ተመለሰ።

አባቴ ከዚያ ምሽት ጀምሮ መግሪብን ሱቁ ውስጥ ብቻውን መስገድ ጀመረ። መጀመሪያ ሰሞን እኩዮቹ ከሶላት በኋላ ጎራ ይሉ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን እነሱም መሻገሩ ከበዳቸው። ሳቁን ከሰማሁ ቆየሁ። ለሰው ልብስ ሲለካ እንኳ ቃል አይወጣውም።

ባለፈው ሳምንት፣ «ለምን ከሰዓት በኋላ፣ በአስር ሶላት ሄደህ እዚያው እስከ መግሪብ አትቆይም? ያኔ ብርሃን ነው» አልኩት። ብዙ ያሰብኩበት፣ የመጨረሻ መላዬ ነበር።

የሚተኩሰውን ሱሪ አጣጠፈና ወደ መንገዱ አየ። ገና አልጨለመም፤ አንዳንዱ መኪና ግን ከአሁኑ ማብራት ጀምሯል።

«መሄዱንስ እሄዳለሁ» አለኝ። «ማን ይመልሰኛል?»

«እኔ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም ያን ምሽት ምንም እንዳላየሁ ያውቃል። ማዶ የመግሪብ አዛን ተጀመረ።