አፏን ሳትፈታ የጠፋችው ልጄ

ይህ የሆነው የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰበታን በናጠበት ዓመት ነው። ያኔ ብዙ ሰው ብዙ ነገር አይቷል፤ የእኔ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ግን ዛሬም ሰው ሲሮጥ ካየሁ እጄ ሳላዘው ልጄን ፍለጋ ይዘረጋል።

ልጄ ምህረት ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት አፏን አልፈታችም ነበር። ትሰማለች፣ ትስቃለች፣ የፈለገችውን በጣቷ ታሳያለች። ቃል ግን የለም። እኔና ባለቤቴ ከወላይታ መጥተን ሰበታ ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። እኔ ግንበኛ ነኝ፤ እሷ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። ቤት ውስጥ ወላይትኛ፣ ግቢው ውስጥ ኦሮምኛና አማርኛ ይወራል። ጎረቤቱ ሁሉ «ቋንቋ በዝቶባት ነው» ይለን ነበር።

ጤና ጣቢያ ያለች አንዲት ነርስ ግን በዚህ አልተስማማችም። «ቋንቋ አይበዛባትም። ሥዕል ያለው መጽሐፍ ግዛና በየቀኑ ድምፅህን አውጥተህ አንብብላት። በጣትህ እያሳየህ ጠይቃት፣ ጠብቃት። ባትመልስም አታቋርጥ» አለችኝ።

የቤት እንስሳት ሥዕል ያለባት ስስ መጽሐፍ ገዛሁ። ከሥራ ስመለስ እጄን ታጥቤ፣ ምህረትን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አነብላታለሁ። እኔ ራሴ ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ስለሆነ አነባበቤ ቀስ ያለ ነው። ስድስት ወር እንዲህ አደረግሁ። እውነቱን ለመናገር በመጨረሻው ሰሞን ትቼው ነበር። ከግድግዳ ጋር የማወራ መሰለኝ። እሷ ግን መጽሐፏን አልተወችም፤ የትም ስትሄድ ትይዛታለች።

የዚያን ቀን እናቷ ጠዋት ፋብሪካ ገብታለች፤ እኔ ሥራ የለኝም። ምህረትን ይዤ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። አስፋልቱ ዳር ስንደርስ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ያጣመሩ ወጣቶች እየጮኹ መጡ። ልመለስ ስል ተኩስ ተሰማ። ጭስ ሞላው። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ወደ እኛ ዞሮ ሮጠ። አንድ ሰው ከኋላ ገፋኝና በጉልበቴ ወደቅሁ። ስነሳ እጄ ባዶ ነበር።

«ምህረት!» ብዬ ጮህኩ። ብትሰማኝም እንደማትመልስልኝ እያወቅሁ ጮህኩ።

ፍርሃቱ በደንብ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሌላ ልጅ ቢጠፋ ስሙን ይናገራል፣ የአባቱን ስም ይጠራል። የእኔን ልጅ ያገኘ ሰው ሺህ ጊዜ ቢጠይቃት ማን እንደሆነች አያውቅም።

ሁለት ሰዓት ያህል ፈለግሁ። የተዘጋ በር ሁሉ አንኳኳሁ። ብዙዎቹ አልከፈቱም፤ አልፈርድባቸውም። በማውቃት ትንሽ ኦሮምኛ «ኢንተላ ጢኖ፣ ትንሽ ልጅ፣ ቢጫ ሹራብ» እያልኩ ለመንኩ። አንድ ቦታ መንገዱን በድንጋይ የዘጉ ሰዎች አስቆሙኝ። ዱላ የያዘ ጎልማሳ «ከየት ነህ? ወዴት ነው?» አለኝ። «ልጄ ጠፋችብኝ» ብቻ አልኩት። ፊቴን አየና ዱላውን ዝቅ አደረገ። «በአስፋልቱ አትሂድ፣ ወታደር እየመጣ ነው። በወንዙ በኩል ዙር» አለኝ።

ወንዝ ሲለኝ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ተጨመረብኝ። ዳር ዳሩን ውሃውን እያየሁ ስሄድ ስልኬ ጠራ። አከራዬ ኦቦ ደገፋ ናቸው።

«አንተ፣ የት ነህ? ልጅህ ተገኝታለች! ልብስ ሰፊዋ ጫልቱ ጋ ናት። በጓሮ በኩል ግባ፣ የፊቱ በር ተዘግቷል» አሉኝ።

እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ምህረት ከስፌት መኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ቁጭ ብላ መጽሐፏን ትገልጣለች። አቅፌያት ሳለቅስ ፊቴን በእጇ ገፋችው፤ ሥዕሉን ጋርጄባት ነበር።

ወይዘሮ ጫልቱ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት ናቸው። ሱቃቸውን ሊዘጉ ሲሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ የቆመች ልጅ አይተው ጎትተው አስገቧት። በኦሮምኛም በአማርኛም ስሟን ቢጠይቋት ዝም አለች።

«ደንግጣ ነው ወይስ መስማት አትችልም ብዬ ግራ ገባኝ» አሉኝ። «ተኩሱ ሲበረታ እንዳታለቅስ ብዬ መጽሐፏን ገለጥኩላት። ሥዕሉን እያሳየሁ በኦሮምኛ ነበር የምነግራት። ውሻው ጋ ስደርስ ‹ሰሬ› ስላት፣ ቀና ብላ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። ‹ውቻ› አለችኝ። አረመችኝ እኮ!»

ጆሮዬን አላመንኩም። «ምን አለች?»

«‹ውቻ› አለች። ቀጥላ ‹ውቻ ደፋ› አለች። ውሻው ምን ደፋ ብዬ ሥዕሉን ባየው የፈሰሰ ነገር የለም። በመጨረሻ ተናዳ ‹ኦቦ ደፋ!› ስትለኝ ነው የገባኝ። ኦቦ የሚባለውማ ሰው ነው፣ እንደ አቶ! ውሻ ያላቸው ኦቦ ደገፋ ደግሞ ደንበኛዬ ናቸው። ወዲያው ደወልኩላቸው።»

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። እዚያ ገጽ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ «ይሄ ውሻ የኦቦ ደገፋን ውሻ አይመስልም?» እላት ነበር። መጽሐፉ ላይ የተጻፈ አይደለም፤ ከራሴ የጨመርኩት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ስትሰማኝ ኖራለች።

አልዋሽም፣ ደስታዬ ውስጥ ቅር ያለኝ ነገርም ነበር። የልጄን የመጀመሪያ ቃል የሰማው ሌላ ሰው ነው። ወይዘሮ ጫልቱ ይህ የገባቸው ይመስለኛል። «በል አንተ አንብብላት። የእኔ አልጣማትም» ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ውጭ አልፎ አልፎ ይተኮሳል። አነበብኩ። ውሻው ጋ ስንደርስ ጠየቅኋት፣ ጠበቅኋት። ምንም አላለችም። ለእኔ የተናገረችው ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ «ውሃ» አለችኝ። ቀድቼ ስሰጣት ግማሹን ራሴ ላይ አፈሰስኩት።

የጠፋችበት ቀን አመሻሽ ላይ መንገዱ ሲረጋጋ ቤታችን ገባን። እናቷም በሰላም ተመለሰች።

ምህረት አሁን ሰባተኛ ክፍል ናት። በሦስቱም ቋንቋ ታወራለች፤ ከጀመረች አታቆምም። እናቷ አንዳንዴ ሲሰለቻት «ኧረ እባክሽ ትንሽ ዝም በይ!» ትላታለች። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ልጄን ዝም በይ ብያት አላውቅም።