ክዳኑ ደርቆ የወጣበት ሳምንት

ኢሶቤ ሚኔዎ ተቀምጦ መሣል አይሆንለትም ነበር። ቶኪዮ ውስጥ፣ ኔሪማ ሰፈር ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ባለችው ጠባብ የሥራ ቤታችን፣ እኛ አራት ረዳቶች ወለሉ ላይ ተቀምጠን ስንሠራ እሱ ሣንቃውን ከፍ አድርጎ ቆሞ ይሥላል። ሁለት ፊት ይሥልና “ሲጋራ ልግዛ” ብሎ ይወጣል። ሲጋራ ግን አያጨስም። የሥዕል ታሪካችን የሚወጣበት መጽሔት አርታዒ ኔጎሮ ገጾቹን ሊረከብ መጥቶ በሩ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ እኛ “የለም” ብለን ራሳችንን እንነቀንቅለታለን፤ እሱም ጫማውን መልሶ አጥልቆ ፍለጋ ይወጣል። አንድ ቀን ከማያውቀው ሰው ሠርግ ላይ ጎትቶ አመጣው። ሌላ ቀን ደግሞ ፀጉር ቤት ገብቶ፣ ጠዋት የተላጨውን ጢም ከሰዓት በኋላ እንደ ገና ሲላጭ አገኘው።

እኔ ኩጂ ታማዬ እባላለሁ፤ በእኛ አገር የቤተሰብ ስም ስለሚቀድም ስሜ ታማዬ፣ የእሱም ሚኔዎ ነው። በመጽሔቱ ላይ የኢሶቤ ተብሎ የተደነቀውን ባሕር አሥራ ሰባት ዓመት የሣልኩት እኔ ነኝ። በማንጋ፣ በሥዕል በሚተረክ ታሪክ፣ የሥራው ደንብ እንዲህ ነው፤ መምህሩ የዋናዎቹን ሰዎች ፊት ይሥላል፣ ውሃውን፣ ጣሪያውን፣ ድስቱን፣ ሳህኑን እኛ እንጨርሳለን። ፊት ለፊት “መምህር፣ እርስዎ” እንለው ነበር፤ እዚህ ግን እንደ ሰው ላውራው።

ተወልዶ ያደገው ሳዶ ደሴት ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ሳለ ታላቅ ወንድሙ ኪሮኩ ዓሣ ሊያጠምድ ወጣ፤ እሱም ጀልባውም አልተመለሱም። ሬሳ አልተገኘም፣ መቃብርም አልተቆፈረም። ሚኔዎ ቶኪዮ መጥቶ ብስክሌት ጠገነ፣ የሲኒማ ማስታወቂያ ቀባ፣ የአሳታሚዎችን ደጅ ጠና። በሃያ ሰባት ዓመቱ ጎሄይ የሚባል ጀልበኛ ፈጠረ፤ የጠፋ ወንድሙን ፍለጋ ከወደብ ወደብ የሚዞር። አገሩ አበደለት። ልጆች የጎሄይን አረማመድ እየኮረጁ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። ኢሶቤ ትልቁን ሽልማት በተቀበለ ዕለት ራቱ ሳይቀርብ በጓሮ በር ወጥቶ ሄደ።

ጎሄይ በተፈጠረ በሃያ ሁለተኛው ዓመት ኔጎሮን ጠርቶ ታሪኩን ማቆም እንደሚፈልግ ነገረው። ኔጎሮ ሣቀ። አንባቢ በየሳምንቱ የወደደውን ሦስት ታሪክ በፖስት ካርድ ጽፎ ይልካል፤ መጨረሻ የወጣ ይባረራል፣ አንደኛ የወጣን ግን ማን ይለቀዋል?

“የምትታለብ ላም አትታረድም፣ መምህር” አለው። “ከአሥረኛ በታች ከወረዱልኝ ግን እኔ ራሴ አስቆመዋለሁ።”

ኢሶቤ ይህን እንደ ቁም ነገር ያዘው። አሥራ ዘጠኝ ገጽ ሙሉ ጎሄይ በአንዲት አሮጊት ቤት ቁጭ ብሎ መረብ የሚጠግንበትን ክፍል አረቀቀ። ንግግር የለ፣ ማዕበል የለ፣ ጠብ የለ። “ይህንን ማን ያነበዋል?” ብዬ ስጠይቀው፣ ማንም እንዳያነበው ብሎ መሆኑን ነገረኝ። ሰነፍ መስሎኝ ተናደድኩበት። ምክንያቱን የነገረኝ ቀለሙን ስንጨርስ ነው።

መጽሔቱ ሳዶ የሚደርሰው ረቡዕ ነው። በየሳምንቱ ረቡዕ እናቱ እማማ ሺጌ ይደውላሉ። ስልኩ ከእኔ አጠገብ ስለሆነ ሳልፈልግ እሰማለሁ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ጎሄይ ወንድሙን አገኘው ወይ? መልሱም አንድ ነው፤ ገና ነው እማዬ፣ ምናልባት በሚቀጥለው ሳምንት። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ያን ቀን ሥራ የለም፤ መንገድ ለመንገድ ሲንከራተት ይውላል።

“አገኘው ብዬ ብሥል ውሸት ነው” አለኝ። “ሞተ ብዬ ብሥል እናቴን በእጄ ገደልኳት ማለት ነው። ታማዬ፣ ታሪኩን ይቁረጡብኝ። ሳልጨርሰው ይቅር።”

እኔም አዘንኩለትና ዝም ብዬ ሠራሁ። የአሮጊቷን ቤት “እንደ እናቴ ቤት አድርጊው” ብሎኝ ነበር፤ ሰው ከሌለበት መቀመጫ ፊት ትሪ፣ ሩዝ፣ ክዳን ያለው የሾርባ ሳህን። ጥቁር የተቀባ ክዳን መሣል ደስ ይለኛል። ከፈትኩና ከሳህኑ ጎን አጋደምኩት፤ ውስጡን ጥርት፣ ድርቅ አድርጌ አብለጨለጭኩት። እሱ ለመውጣት እየቸኮለ ስለነበር አላየውም።

ክፍሉ ታተመ፣ በአንባቢ ምርጫም ሁለተኛ ወጣ። በየወደቡ ያለ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ካርድ ጽፎ ኖሯል። ኔጎሮ እየሣቀ መጣ። እኛ ግን አልሣቅንም፤ ረቡዕ ስልኩ አልጮኸም ነበርና። ሐሙስም አልጮኸም። ኢሶቤ ደጋግሞ ደወለ፤ የሚያነሳ የለም። መጽሔቱን ገልጦ ገጽ በገጽ ሲያይ ድንገት ቆመ።

“ይህን ክዳን ማን ሣለው?”

“እኔ።”

ሳዶ ላይ ለራቀ ሰው በየቀኑ ትሪ እንደሚቀርብ ያን ጊዜ ሰማሁ። ሰው በልቶ ሲያበቃ የሾርባው ክዳን ይከፈታል፤ ውስጡ ጠብታ ከቋጠረ የራቀው በሕይወት አለ፣ ከደረቀ የለም። እማማ ሺጌ ለኪሮኩ ሠላሳ ሦስት ዓመት አቅርበዋል። እኔ የቶኪዮ፣ የአሳኩሳ ሰፈር ልጅ፣ ይህን ከየት ልወቅ? ልጃቸው ግን በአገር መጽሔት ላይ “ሞቷል” ያላቸው ይመስላቸዋል። እጄን ልቆርጠው ፈለግሁ።

ያልተነካ ሥራ ጠረጴዛ ላይ ትተን በባቡር ኒጋታ ወደብ፣ ከዚያ በመርከብ ሳዶ ሄድን። እሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ በመርከቡ ወለል ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ አሥራ ሰባት ዓመት የሣልኩት ባሕር እኔን አንጀቴ እስኪወጣ አስመለሰኝ።

እማማ ሺጌ ደጃፍ ላይ የባሕር ቅጠል ገመድ ላይ ሲያሰጡ ደረስን። ግንባሬን መሬት አስነካሁ። ሥራው የእኔ ነው፣ ባለማወቅ ነው፣ ልጅዎ የለበትም አልኳቸው። ቀና አድርገው አዩኝና እጅሽስ ጎበዝ ነው አሉ። ከትናንት በስቲያ ቤተ መቅደስ ሄደው መነኩሴው ለኪሮኩ ለሞተ ሰው ብቻ የሚወጣውን አዲስ ስም እንዲያወጣለት እንዳደረጉም ነገሩን፤ ስልኩን ያላነሱት እዚያ ሰንብተው ኖሯል።

“እማዬ፣ ስህተት ነው። ክዳኑ...”

“ሚኔዎ፣ ፈልቶ የተቀዳ ሾርባ ክዳኑ ጠብታ ሳይቋጥር ቀርቶ ያውቃል? ይህ የማይገባኝ ቂል እመስልሃለሁ?” እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። “ኪሮኩ እንደሞተ በሦስተኛው ዓመት ገብቶኛል። ያልገባህ አንተ ነህ። በየሳምንቱ ስትፈልገው አያለሁ፤ አንተ እየፈለግህ እኔ እንዴት ብዬ ትሪውን ላንሳ? አገኘው ወይ የምልህ፣ አንድ ቀን እንኳ ‘አይገኝም’ ትለኛለህ ብዬ ነው። ክዳኑን ደርቆ ሳየው፣ እፎይ፣ ገባው አልኩ።”

ኢሶቤ ወደ እኔ ዞሮ አየ።

“እና አንተ አልሣልከውም?”

“አልሣልኩትም።”

“እንግዲያው ቃሉን በአፍህ በለው።”

ኢሶቤ ዞር ብሎ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደ። ልከተለው ስነሳ እማማ ሺጌ ተይው አሉኝ። ከልጅነቱም እንዲህ ነበር፣ ሲያዝን እግሩ አይቆምለትም አሉ። ለራት ሽንኩርት ስከትፍላቸው የሽንኩርቱ ነው እያልኩ አለቀስኩ፤ የሽንኩርቱ አልነበረም። ይህን ሁሉ ዓመት እናትና ልጅ ሙትን በሕይወት ያቆዩት አንዱ ለሌላው አዝኖ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመለሰ። ሦስት ትሪ ቀርቧል፤ የእሳቸው፣ የእሱና የእኔ። ሦስቱን አየና ቀጥ ብሎ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደ። አራተኛውን፣ የኪሮኩን ትሪ፣ አወረደ። ትሪውን ታቅፎ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ መልሶ ቦታው ላይ አስቀመጠውና፣ ፊቱን ወደ ሳጥኑ እንዳዞረ፣

“ኪሮኩ ሞቷል” አለ።

“አዎ፣ ሞቷል” አሉ እናቱ። “ና ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል።”