ሻሽ ያዳነው ክንዴ

ኩላሊቴ ሥራ ሲያቆም ሐርጌሳ ገና ሥራ መጀመሯ ነበር። በጦርነት የፈረሰው ቤት ሁሉ ይሠራል፤ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ኮድቡር ሰፈር ያለው በራችን ድረስ አቧራውን ያመጣልናል። እኔንም ሐኪም ጠገነኝ። የግራ ክንዴን ከፍቶ ሁለት የደም ሥሮች አገናኘልኝና ደሜ በማሽን ሲታጠብ መርፌው የሚተከለው እዚያ ላይ ሆነ።

የተገናኘው ሥር ይነዝራል። ጆሮ ሲጠጉበት ከሩቅ የሚመጣ ባጃጅ ይመስላል። ነርሷ ደጋግማ ነግራኛለች፤ ንዝረቱ ካለ ክንድሽ ይሠራል፣ ከቆመ ሮጠሽ ነይ፣ የእጅ ሰዓት እንኳ አትሰሪበት። እኔም ይህንኑ ለጠያቂዎቼ ሁሉ አስተማርኩ። ሐበሻ ግን በሽተኛ ሊጠይቅ ሲመጣ ለመማር አይመጣም፣ መድኃኒት ሊያዝ ነው። አንዷ አብሽ፣ ሌላዋ የግመል ወተት አዘዙልኝ። የበርበራ መንገድ ሹፌር የሆነው ባለቤቴ ደግሞ ክንዴን አዳምጦ «ነዳጁ ቆሽሿል» አለ።

የባሰችው አክስቴ ናት። አክስቴ እላታለሁ እንጂ አትዛመደኝም፤ ከወሎ መጥታ ልብስ የምትነግድ፣ አንድ ግቢ የምንኖር ሴት ናት። ለእሷ ራስም ይመም ወገብ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ በሻሽ ጥፍር አድርጎ ማሰር። አንድ ቀን ከእጥበት መጥቼ እንቅልፍ ወሰደኝ። ክንዴን ብትዳብሰው ይንዘፈዘፋል፤ አንጀቷ አልቻለም። የራሷን ሻሽ ፈታ ሸበበችው።

ስነቃ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። እሷ ላቧን እየጠረገች ትስቃለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ዝም አለልሽ። ስንት ጊዜ ሲያስቸግርሽ የኖረውን ዶክተር ተብዬው አላወቀበትም።»

ሻሹን በጥርሴ ጎትቼ ፈታሁትና ጆሮዬን አስጠጋሁ። ምንም የለም። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ነርሷ ያለችውን እንደገና ስነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። ያን ሁሉ ጊዜ «እሺ፣ እሺ» ስትለኝ ለካ አንዱም አልገባትም። ባጃጅ ውስጥ እስከ ሆስፒታል «ያረቢ፣ ያረቢ» እያለች ሄደች።

ደሙ ረግቶ ሥሩ ተደፍኗል አሉን። ሊያስነሡት ሞከሩ፣ አልሆነም። ቀዶ ሐኪሙ ከውጭ እስኪመጣ አንገቴ ላይ ደሜ የሚታጠብበት ቱቦ ተንጠልጥሎ ከረመ፤ እሱም ብሎ ብሎ መግል ያዘና በትኩሳት አንቀጠቀጠኝ። ሐኪሙ ሲመጣ ቀኝ ክንዴን ሠራው።

አሁን አክስቴ ዘበኛዬ ሆናለች። የሚጠይቁኝን ሴቶች በር ላይ አስቁማ «ሻሽሽ ከራስሽ እንዳይወርድ» ሳትል አታስገባም። ሻሽ ከየት እንደመጣብን የማያውቁት ግራ ገብቷቸው ይገባሉ። ጠዋት ጠዋት ጆሮዋን ቀኝ ክንዴ ላይ ትለጥፋለች።

«አይዞሽ፣ ይጮሃል» ትለኛለች።

«ነርስ ሆንሽ አይደል?» እያልኩ አሾፍባታለሁ። እሷ እስክትናገር ግን ትንፋሼን ይዤ ነው የምጠብቀው። አላህ ሦስተኛ ክንድ አልሰጠኝም።