ሑዳዴ የገባው ማይክሮዌቭ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ወይዘሮ ያምሮትን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ነው ወይ ልብስ የማይለብስ። የከተማው ሱሪ ግማሹ በእሷ መቀስ ያጠረ፣ ግማሹ በእሷ መርፌ የሰፋ ነው። ባሏ አድማሴ የቡሬን በርበሬ በአይሱዙ እየጫነ ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልስ ሾፌር በመሆኑ ቤቱ የሚገባው አልፎ አልፎ፣ ያውም እያስነጠሰ ነው። ስለዚህ ቤቱን የሚያስተዳድረው የያምሮት አፍ ነው፤ አፏ ደግሞ ከስፌት መኪናዋ ይፈጥናል።

ይህች ሴት በአንድ የቅበላ ሳምንት፣ አገሩ ሁሉ የሚያርደውን በግ ወገብ እየዳሰሰ ሲመርጥ፣ እሷ ማይክሮዌቭ ስትመርጥ ሰነበተች። ነገሩ የቅንጦት እንዳይመስል ከሥሩ መነሣት ይሻላል።

የአድማሴ አባት ቄስ ዘሚካኤል ሰቀላ ውስጥ፣ ግሽ ዓባይ አጠገብ ባለች ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀድሰው፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በስንት ልመና ልጃቸው ቤት የገቡ ሽማግሌ ናቸው። ምንም አያስቸግሩም። አልጋው ጠበበኝ፣ ወጡ ጨው በዛበት የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። አንድ ሕግ ብቻ አላቸው፤ ለእሳቸው ተብሎ እሳት አይነድም። ቆሎ ተማሪ ሳሉ በየደጁ ለምነው ያገኙትን ቁራሽ ቀዝቃዛውን በልተው ነው ያደጉትና፣ ሰው ለእኔ ሲል ከሰል ሲያያይዝ ካየሁ እህሉ አይወርድልኝም ይላሉ። የኤሌክትሪክ ምድጃም ሲቀላ ስላዩት ያው እሳት ነው ብለው ፈርደውበታል። በጾም ቀን ቅዳሴ ወጥተው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመለሱ፣ ያምሮት ሱቋ ናት፤ እሳቸው ድስቱን ከፍተው የቀዘቀዘ ሽሮ ይበላሉ። ከዚያ እስከ ማታ ሆዳቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ሲጠየቁ ግን ደኅና ነኝ ነው።

አድማሴ ታዲያ አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ማይክሮዌቭ ጭኖ መጣ። ቄስ ዘሚካኤል ጎንበስ ብለው በመስተዋቱ ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ሳሕኑ በመብራት ውስጥ እየዞረ ነው፤ ጭስ የለ፣ ነበልባል የለ። ብዙ አሰቡና፣ ይህ ብርሃን እንጂ እሳት አይደለም ሲሉ በየኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌው ትኩስ በሉ። የመዘውሩ ቁጥር ተፍቆ ስለነበር ሰዓቱን የሚለኩት በጸሎት ነው። ለእንጀራ አንድ አቡነ ዘበሰማያት፣ ለሽሮ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ይጨመርበታል። ጎረቤቶች ሲያወሩ፣ ያ ዕቃ ከመስማት ብዛት ጸሎቱን ለምዶ መጨረሻ ላይ አሜን ሲሉ እሱም ኪል ይል ነበር።

ክፉው ቀን የመጣው በቅበላው ሳምንት ዋዜማ ነው። የጠፋው መብራት እንደ ደነበረ በሬ ተንደርድሮ ተመለሰ። አምፖሉ ፈነዳ፣ ፍሪጁ አጓራ፣ ማይክሮዌቩ አንድ ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። የሬዲዮ ጠጋኙ ሆዱን ከፍቶ አየና ከእንግዲህ ዳቦ ማስቀመጫ አድርጉት ብሎ ሄደ።

ቄስ ዘሚካኤል ወደ ቀዝቃዛው ሽሮ ተመለሱ፤ ቁርጠቱም ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ያምሮትን ጠርተው፣ ሑዳዴን ሰቀላ ሄጄ ልጹም እያልኩ ነው አሏት፤ ያረጀች ጎጇቸው እንዳለች ናት። ያምሮት መቀሷን ከእጇ ጣለች፤ ይህም በከተማው ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ሰቀላ ማለት ብርዱ ሲበረታ ዶሮ እንኳ ጮኾ ሳይጨርስ አፉን የሚገጥምበት አገር ነው። እዚያ ማን አለ? ውኃ የሚያቀብላቸው የለ፣ ሲያማቸው የሚሰማ የለ። አድማሴን በስልክ ብታማክረው መንገድ ላይ ነበርና፣ «አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ አስነጥሶ ዘጋው። እሷም አወቀች። ሑዳዴ ሳይገባ ማይክሮዌቩ መተካት አለበት።

መጀመሪያ የሄደችው ደጀኔ ኤሌክትሮኒክስ ነው። ደጀኔ ፍላሽ ዲስክ ሊገዛ የመጣውን ሰው ፍሪጅ አሸክሞ የሚሸኝ ነጋዴ ነው። እሱም የሚያብረቀርቅ፣ መዘውር የሌለው፣ በጣት ሲነኩት የሚጮኽ አዲስ ማይክሮዌቭ አወጣላት። ያምሮት አጠገቡ ቀርባ ስታይ፣ ግንባሩ ላይ ሥዕል በሥዕል ነው። ዶሮ አለ፣ ዓሣ አለ፣ የበግ ጭን የሚመስል ነገርም አለ።

«ይኼ ዶሮ ምንድን ነው?» አለችው።

«እሱን ስትነኪው ዶሮ ያበስላል።»

«ባልነካውስ?»

«ባትነኪው ዝም ብሎ ያይሻል።»

ቄሱ በሰሙነ ሕማማት ዶሮ ፊት ቆመው ሽሮ ሲያሞቁ ታያት። ደጀኔ ፈጥኖ ዶሮዋን በፕላስተር እንሸፍናት አለ፤ ያምሮት ደግሞ የተሸፈነች ዶሮ ይብሱን ሰው ታስመኛለች ብላ እምቢ አለች። ሁለተኛውን አወጣ። ያኛው ደግሞ በግ ከነቀንዱ የሚያስገባ፣ ሲለኩሱት የቀበሌውን ትራንስፎርመር የሚያንበረክክ ነበር። ሲሞክረው የጎረቤቱ ፀጉር ቤት መቁረጫ ቆመ፤ ግማሽ ራሱን የተላጨ ሰውዬ ከነፎጣው ወጥቶ ማን ነው አለ። ያምሮት ይቅርታ ጠይቃ ወጣች።

ነገሩ ሰፈር ደረሰ። ያን ጊዜ እናቶች በአንድ ለአምስት የተደራጁበት ዘመን ነው፤ የእነ ያምሮት አምስት ጠርናፊ ወይዘሮ ማሚቱ ደግሞ አጀንዳ ሲጠፋባት እንቅልፍ አይወስዳትም። የንጽሕና ጉዳይን ወደ ጎን ትታ የቄስ ዘሚካኤልን ማይክሮዌቭ አጀንዳ አስያዘች። ከብዙ ውይይት በኋላ፣ ቡሬ ሆቴል ያላት አቻምየለሽ ወጥ ቤቷን እያደሰች ስለሆነ አሮጌ ማይክሮዌቯን ትሸጣለች የሚል መረጃ ተገኘ። እሱም ባለ ሁለት መዘውር፣ ሥዕል የለሽ፣ ልክ እንደ ሟቹ ነው ተባለ። ማሚቱ ይህን በሪፖርቷ እንደ ስኬት ጻፈችው።

ያምሮት በማግሥቱ ቡሬ ወረደች። ዕቃው እውነትም የሟቹ መንትያ ነው። መዘውሩን አዞረችው፤ ድምፁም ያው። ልቧ ዘለለ፤ ሽማግሌው አዲስ ነገር ሳይማሩ እንደ ለመዱት ሊጠቀሙበት ነው። አቻምየለሽ ግን የሆቴል ሴት ናትና ዕቃዋን ስታወድስ ጊዜ ነገሩን አበላሸችው።

«ይኼ ዕቃ» አለች በኩራት መታ መታ እያደረገችው፣ «በዚህ አውራ ጎዳና ያለፈ ጥብስ ሁሉ በሆዱ አልፏል። የፍስክ ብቻ ነው፤ ጾም የሚባል አያውቅም።»

ያምሮት ቀዘቀዘች። እንኳን በቄስ ቤት በእሷም ቤት የፍስክ ድስት ለብቻው ነው፤ ሑዳዴ ሲገባ ታጥቦ፣ ተደፍቶ፣ ቆጥ ላይ ይወጣል። ሟቹን እንኳ ባሏ በፍስክ እንዳይነካው በምላሷ ስትጠብቅ ነበር። እዚህ ቆማ ግን የምታየው ሽማግሌው ቦርሳቸውን አንግተው ወደ ሰቀላ ሲወጡ ነው። ዕቃ ይታጠባል አለች ለራሷ፤ ገዛችው።

በሚኒባስ ስትመለስ ነጠላዋን አልብሳ ጭኗ ላይ አቀፈችው። አጠገቧ የተቀመጡ ባልቴት ነጠላውን አይተው፣ «ስንት ወሩ ነው?» አሏት። «አሥር ዓመት ይሆነዋል» አለቻቸው። ባልቴቷ አማትበው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እጥበት ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። በሎሚ ታሸ፣ በአመድ ታሸ፣ በግራዋ ቅጠል ታሸ፤ ጤና አዳም ተደርጎበት ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ማሚቱ ዕቃው ከመግባቱ በፊት ግለ ሂስ ቢያደርግ መልካም ነው አለች። በቅበላው እሑድ ማታ ማይክሮዌቩ እንደ ሙሽራ አብርቶ በሟቹ ቦታ ተቀመጠ። ያምሮት ለአማቷ፣ ተተክቷል አባባ፣ ያው ዓይነቱ ነው ብቻ ብላ አለፈች። የመጣበትን አልነገረቻቸውም።

ሰኞ፣ የሑዳዴ መጀመሪያ፣ ሱቋን ዘግታ ቤት ዋለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቄስ ዘሚካኤል ከቅዳሴ ተመለሱ፤ ሽሯቸውን አስገቡ፤ መዘውሩን አዞሩና አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። ገና «ሲሳየነ» ላይ ሳይደርሱ ሽታው መጣ። የዐሥር ዓመት ጥብስ፣ ከነቅቤው፣ ከነጥብስ ቅጠሉ፣ በየስንጥቁ ተደብቆ የከረመው ሁሉ ሙቀት ሲያገኝ ተነሣ። የጎረቤት ድመት በመስኮት ገባች። ከአጥር ውጭ ሁለት ውሾች ቁጭ ብለው ጠበቁ። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው በዚህ ቀን ማነው አለ።

ቄስ ዘሚካኤል ጸሎታቸውን ጨረሱ። በሩን ከፍተው፣ ሳሕኑን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ቁጭ አሉ።

«ልጄ፣ ይህ ዕቃ ከማን ቤት ነው የመጣ?»

ያምሮት አፏ ላይ የተዘጋጀ ውሸት ነበረ፤ ከአዲስ አበባ፣ ከፋብሪካው የሚል። አልወጣ አላት። ከቡሬ ሆቴል ነው አለች፤ ሥጋ ቤት የኖረ ነው አለች፤ እርስዎ ሰቀላ እንዳይሄዱብኝ ብዬ ነው አለችና ወለሉን አየች።

ሽማግሌው ወደ ማይክሮዌቩ ዞሩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያምሮት አለቀሱ ብላ ደነገጠች፤ ቀና ስትል እየሳቁ ነው፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ እስኪወርድ።

«ታዲያ እንዲህ ያለውን ኃጢአተኛ አጥቦ ብቻ ማስገባት አለ? ሰውነቱን እንጂ ልቡን መች አጠብሽው። ንስሐ ይግባ።»

ቀኖናውንም እዚያው ሰጡት። ይህን ሳምንት ሎሚ ከገባበት ውኃ በቀር ምንም አይቀምስም፤ በየቀኑ ከቅዳሴ መልስ እሳቸው ራሳቸው እያዞሩ ያፈሉበታል። ከዚያ በኋላ ሽሮና ምስር እየቀመሰ ጾሙን ይፈጽማል።

«እስከዚያ እርስዎ ምን ሊበሉ ነው?» አለች ያምሮት። «ቀዝቃዛ?»

ቄሱ ጢማቸውን ዳሰሱ። በሕግ ጉዳይ ሲቸገሩ የሚያደርጉት ነው።

«ከሰል አያይዥ» አሉ በመጨረሻ። «እሳቱ ለእኔ አይደለም፤ ለሱ ነው። እሱ ንስሐ ላይ ስለሆነ ሥራውን የሚሸፍንለት ያስፈልጋል።»

ያምሮት ፈጥና ከሰሉን አያያዘች። ትኩሱን ሽሮ አቀረበች፤ ሽማግሌው ጠርገው በሉ።

«ሰቀላስ አባባ?» አለች ሳሕኑን ስታነሣ፣ ፊቷን አዙራ።

«ንስሐ ገቢውን ለማን ጥዬ?» አሏት።

ሳምንቱ አለቀ፤ ሽታው ጠፋ። ማሚቱ የሚመለከታት ጉዳይ ነውና መጥታ አሸተተች፣ ንጹሕ ነው ብላ መሰከረች። ቄስ ዘሚካኤል ግን፣ አንቺ አታውቂውም፣ ላይ ላዩን ነው ለስላሳ፣ ጠባዩ አስቸጋሪ ነው እያሉ ቁጥጥሩን አጠበቁ። ደብረ ዘይት አለፈ፤ ሆሳዕና አለፈ። ፋሲካ ተፈስኮ ዶሮው ተበልቶ ሲያበቃ፣ አድማሴ እያስነጠሰ አባቱን፣ እንግዲህ ጾሙ አበቃ፤ ወደ አገር ቤት ይመለሳሉ ወይስ ይቀመጣሉ ብሎ ጠየቃቸው።

ቄሱ ልጃቸውን በአዘኔታ አዩት።

«በዓለ ሃምሳ እኮ ገባ» አሉት። «ረቡዕ ሥጋ፣ ዓርብ ሥጋ። ይህ ምስኪን በዚህ ሁሉ ፈተና መካከል ብቻውን ይሁን ነው የምትል?»