ጠመንጃ ላይ የምትገጠም ባትሪ ፍለጋ ሞጣ ድረስ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሞጣ አንድ ሱቅ ውስጥ ከሁለት ትልልቅ ሰዎች ጋር አንድ ጋቢ ተከናንቤ ቆሜ ነበር... አልታመምኩም፣ አልሰከርኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢቸና ያሉት አጎቴ ከአባታቸው የወረሱት ጠመንጃ አላቸው። ጃርት ድንቻቸውን ስለጨረሰባቸው ሲመሽ ወጥተው ይጠብቃሉ። በቀደም «ጃርት ነው» ብለው የተኮሱት የገዛ ጥጃቸው ላይ ሆነ። ለጥቂት ሳቷት። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ቁርጡን ነገሯቸው።

«ወይ የምትተኩስበትን እያየህ ተኩስ፣ ወይ ይሄ ጠመንጃ ከቤቴ ይውጣ።»

አጎቴ ያንን ጠመንጃ ከሚያጡ የቀራቸውን ጥርስ ቢያጡ ይመርጣሉ። ስለዚህ አፈሙዙ ላይ የምትገጠም ትንሽ ባትሪ ፍለጋ ተነሳን። ቢቸና ያገኘነው ሁሉ ክንድ ክንድ ያክላል። ጠመንጃ ይዞ ገበያ አይገባ ነገር... አጎቴ በአፈሙዙ ውፍረት ልክ አንድ ዱላ ጠርበው ያዙና ሞጣ ሄድን።

ባለሱቁ አውራ ጣት የምታክል ባትሪ ከነማሰሪያ ቀለበቷ አወጣ። ዱላው ላይ ልክክ አለች። አበራት... ምንም አይታይም። ጠራራ ፀሐይ ነዋ! አጎቴ ሳያዩማ እንደማይገዙ ተናግረው ጋቢያቸውን ዘረጉና እኔንም ባለሱቁንም ከነዱላው ሸፈኑን። ውስጡ ቦግ ሲል የባለሱቁን ጢም አንድ በአንድ መቁጠር ይቻል ነበር።

ይሄኔ አንዲት እናት ሊገዙ ገብተው ከጋቢው ስር ስድስት እግር አዩ።

«ምች መቷችሁ ነው የምትታጠኑት?» አሉ በሐዘኔታ።

አጎቴ ከውስጥ ሆነው፣ ረጋ ብለው፣ «የለም፣ ባትሪ እየመረጥን ነው» አሏቸው። ሴትዮዋ አማትበው ወጡ። እኛም ባትሪዋን ይዘን ተመለስን፣ አፈሙዙ ላይም ገጠምናት።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ የንስሐ አባታቸው አጎቴ ቤት መጥተው፣ ራት ቀርቦ፣ እኔም ከጎን ተቀምጬ ሳለ መብራት ጠፋ። እትዬ የሺ ሻማ ፍለጋ መደርደሪያውን ይዳብሳሉ። አጎቴ ግን ደስ አላቸው። ጠመንጃውን ከተሰቀለበት አወረዱና ቄሱ የሚጎርሱትን እንዲያዩ ብለው ባትሪዋን ቦግ አደረጉላቸው...

ጥይት እንደሌለው ለቄሱ ማን ይንገራቸው። የጠቀለሉትን እንደያዙ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«ልጄ... ድንቹን የምበላው እኔ አይደለሁም» አሉ ቀስ ብለው።

ማንም አልሳቀም። እኔ መሶቡ ስር ልገባ ምንም አልቀረኝም። እትዬ የሺ ሻማውን ለኮሱና አጎቴን ትክ ብለው አዩአቸው። በማግስቱ ጠመንጃው የአጎቴ ታላቅ ወንድም ቤት ሄደ። አጎቴ እስከ አጥሩ በር ሲሸኙት ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ከልቤ አሳዘኑኝ።

ባትሪዋንስ አሳምረን መርጠናታል... እሷ በዞረችበት ሁሉ ጠመንጃውም አብሮ እንደሚዞር ግን ሦስታችንም ጋቢው ውስጥ ሆነን አላሰብነውም።