ከማድ ቤቱ ጎን ያለው ክፍል

ለማስተማር ተመድቤ ሐይቅ ከተማ በመጣሁ ጊዜ ቤት ያሳየኝ ደላላ፣ «እህቴ፣ ይሄን ካየሽ ሌላ አታይም» እያለ ያሰለቸኝ ነበር። ደላላ ደግሞ መቼ እውነት ይናገራል? ያን ቀን ያሳየኝ ቤት ሁሉ ወይ ጣሪያው ያፈሳል፣ ወይ ሽንት ቤቱ ከግቢ ውጭ ነው። እግሬ ዝሎ፣ ፀሐይ አናቴን በስታኝ፣ እየተነጫነጭኩ ከአሮጌው መስጊድ ጀርባ ወዳለው ሰፈር ተከትዬው ገባሁ።

ሰፈሩ የከተማው አንጋፋ ነው። በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ፣ በረንዳቸው ያዘመመ ቤቶች ተደጋግፈው ቆመዋል። የተጫነች አህያ ከመጣች ሰው በር ላይ ተለጥፎ ያሳልፋታል። እዚያ መሐል ነው እንግዲህ ባለ ሁለት ፎቁ አዲስ ቤት ቀጥ ብሎ የቆመው። ለውጡ የመጣ ሰሞን ነበር፤ ከዓረብ አገር በሚላክ ገንዘብ ከተማው ይገነባል፣ ሰው ሁሉ ነገ ይሻላል እያለ ያወራል። እኔም አወራ ነበር።

የላይኛው ፎቅ ተከፈተልኝ። ወይ ጉድ! ሁለት መኝታ ቤት፣ ሰፊ ሳሎን፣ ከግድግዳው ጋር የተሠራ ቁም ሳጥን፣ ሙቅ ውሃ ያለው ሻወር። እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን፣ እናት አባትና ልጅ በአንድ ክፍል በሚያድሩበት ቤት ነው። እንደ ሞኝ ግድግዳውን እየዳሰስኩ ዞርኩ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ትልቁ መኝታ ቤት ወደ መንገዱ የሚያይ ትንሽ መስኮት ሲኖረው፣ ከማድ ቤቱ ጎን የተሸጎጠው ክፍል ግን ግማሽ ግድግዳው መስታወት ነው። ሐይቁ እንዳለ ይታያል፤ ገዳሙ ያለበት ዛፋማ መሬት ውሃው ውስጥ ገብቶ እስከሚያልቅበት ድረስ።

«ምን ዓይነት መሐንዲስ ነው ይሄን የሠራው? እንዲህ ያለ መስኮት ማድ ቤት ጎን ይደበቃል?» አልኩ።

በሩ ላይ የቆሙት ቀጭን እናት ሳቁ። «መሐንዲሷ ልጀ ናት» አሉኝ።

ከፎቁ ጀርባ ባለችው አሮጌ ቤት የሚኖሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ እላቸዋለሁ። አንድ ልጃቸው ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። የዚህ ቤት አሠራር በየቀኑ የምታጸዳው የአሠሪዎቿ ቤት አሠራር ነው፤ በመጥረጊያ እንጨት እየለካች፣ በስልክ እየነገረች ነው ያሠራችው። ሳሎኑ፣ ሻወሩ፣ የማድ ቤቱ ሴራሚክ ቀለም ሳይቀር ያው ነው። የተለየው ይሄ ክፍል ብቻ ነው። እዚያ እሷ የምትተኛው ከማድ ቤቱ ጎን፣ ከካርቶንና ከልብስ ማጠቢያው ጋር፣ መስኮት በሌለው ክፍል ነው። ግንበኛውን፣ «ሌላውን እንዳልኩህ ሥራ፤ ይሄን ግን ወደ ሐይቁ ክፈትልኝ» አለችው።

«ስትመጣ የምትተኛበት ነው» አሉኝ እትዬ። «እስከዚያ ተጠቀሚበት። ብቻ ዕቃ ቤት እንዳታደርጊብኝ። ሌላ ውል የለኝም።»

እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ስፋት በሰሌዳ ላይ ነው የማሰላው። ይህች ልጅ የተከፋችበትን ቤት ለክታ ወስዳ፣ መከፋቷን ብቻ ትታ መልሳ ሠራችው። እስካሁን ሳስበው ይደንቀኛል።

ኪራዩ ተስማማኝ፤ አልስማማ ያለኝ «አብሽሪ» የሚሉት ቃል ነው። አይዞሽ ማለት ነው፣ መልካም ይሆናል ማለት ነው፣ ወሎዬ ለሁሉም ነገር ይለዋል። ውሃ ሲጠፋ «አብሽሪ»። መብራት ሲሄድ «አብሽሪ»። የቧንቧ ሠራተኛው ሙቁን በቀዝቃዛው ቀይሮ ገጥሞት ተቃጥዬ ስጮህ እትዬ ከታች፣ «አብሽሪ ልጀ!» አሉኝ።

«እትዬ፣ ቆዳዬ ተላጠ እኮ! ምኑን ነው የማበሽረው?»

እንዲህ ስል ሰፈሩ ይስቅብኛል። ሸዋዬዋ ተቆጣች ይላሉ። ቁጣዬ ግን ከሰዓት በኋላ አሱር ሲደርስ ይበርዳል። እትዬ ሶላታቸውን ሰግደው ደረጃውን እያቃሰቱ ይወጡና መስኮቱ ጋ ይቀመጣሉ፤ ልጃቸው ትደውላለች። ስልኩን ወደ ሐይቁ አዙረው፣ «ይሄው፣ አየሽው?» ይሏታል። እኔንም፣ «እህቴ፣ ጠዋት ብርሃኑ አልጋው ድረስ ይገባል?» ትለኛለች። ይገባል እላታለሁ። ውሌን ጨርሼ እመጣለሁ ትላለች፤ እናቷም ኢንሻአላህ ይላሉ። አንድም ቀን ግን ፎቁ ላይ ተኝተው አያውቁም፤ «መጀመሪያ የምትተኛበት እሷ ናት» ይሉ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ በሬዲዮ ነበር፣ ቀጥሎ ተፈናቃይ በመንገዱ ጎረፈ፣ በኋላ የከባድ መሣሪያው ድምፅ መስታወቱን ያንቀጠቅጠው ጀመር። እኔ ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና አገኘሁ። እትዬን እጃቸውን ይዤ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ።

«ልጀ ብትመጣ ማን በር ይከፍትላታል?» አሉ። «ሂጅ አንች። አብሽሪ።»

መኪናው ሲነሳ እንኳ በመስኮት እየጮህኩባቸው ነበር። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ዱአ ያደርጉልኛል።

ደብረ ብርሃን ቤተሰቦቼ ጋ ገባሁ። የሐይቅ ስልክ ተቋረጠ። የልጅቱ ስልክ ግን ይደርሰኛል፤ በየቀኑ ትደውላለች። «ስለ እማየ የሰማሽው አለ?» የለም። ነገም የለም። ሥራ ላይ ሆና፣ ድምፅዋን ቀንሳ ነው የምታወራው። አንድ ቀን መቋቋም አቃታትና፣ «እህቴ፣ ውሸትም ቢሆን አብሽሪ በይኝ» አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። ግን እንዴት ብዬ? «ያላየሁትን አልልም» አልኳት። «በዓይኔ ሳያቸው እልሻለሁ።»

«ሸዋ ነሽ አንች» አለችና እያለቀሰች ሳቀች።

መንገዱ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች ጋር ተመለስኩ። ከመናኸሪያ እስከ ሰፈሩ የሮጥኩ ይመስለኛል። አሮጌዎቹ ቤቶች አንዳንዶቹ ፈርሰዋል። ፎቁ ቆሟል፤ ትልቁ መስታወት ግን የለም። የእትዬን ቤት በር አንኳኳሁ፣ ዝም። ገፋሁት፣ ተከፈተ። ውስጡ ባዶ ነው፤ ምንጣፋቸው የለም፣ መስገጃቸውም የለም። ለዚያች ልጅ ምን ብዬ ልናገር ነው ብዬ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ከላይ የሕፃን ልቅሶ ሰማሁ።

ደረጃውን ወጣሁ። ሳሎኔ ሰው በሰው ሆኗል፤ ቤታቸው የፈረሰባቸው ጎረቤቶች ከነልጆቻቸው፣ እስላምም ክርስቲያንም፣ በአንድ ሳፋ ዙሪያ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። እትዬ ከማድ ቤቱ ጎን ባለው ክፍል ናቸው። ፍራሼን የተሰበረው መስኮት ላይ አቁመውታል። ከሥሩ አንዲት አራስ ተኝታለች፤ የጎረቤት ልጅ ናት፣ ክርስቲያን፤ ማተቧን አንገቷ ላይ አየሁት። እትዬ አጠገቧ ተቀምጠው ሕፃኑን ይዘዋል። ከስተዋል። ሲያዩኝ መጀመሪያ የደነገጡት እሳቸው ናቸው።

«ውሉን አላፈረስኩም» አሉኝ ቶሎ ብለው። «ዕቃ አላስገባሁበትም፤ ሰው ነው ያስገባሁበት። ሌሊት ሌሊት እኔም እዚሁ ነኝ፤ ልጀ አትቀየመኝም።»

አቅፌያቸው አለቀስኩ። ተቆጥቼም ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ከተማው ውስጥ ስልክ ገና አልሠራም፤ ከከተማው በላይ ካለው ዳገት ላይ ግን ይይዛል ተባለ። የእትዬ ጉልበት ዳገት አይችልም። ብቻዬን ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ ይዞራል፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዷ መሬት ላይ ተቀምጣ ራሷን ይዛለች። ሐይቁ ከታች እንደወትሮው ነው። ደወልኩ።

አነሳችው። ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል፤ ከጀርባዋ የልብስ ማጠቢያው ይጮሃል። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ፍራሹ፣ ስለ አራሷ፣ እናትሽ ክፍልሽ ውስጥ ነው የሚተኙት የሚል። ሁሉም ከአፌ ጠፋ።

«አብሽሪ» አልኳት።

እዚያ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ እልልታዋን አቀለጠችው። አንዲት ሴት በዓረብኛ እየጮኸች በር ስትደበድብ ይሰማኛል፤ እሷ ግን አላቆመችም።