የያሳቡሮ ድምፅ ማጉያና የሱሚ ሩዝ

ያሳቡሮ በየቀኑ ቡና ቤቱን ከመክፈቱ በፊት ካቻቢቴውን ከኪሱ ያወጣና ከትልቁ ድምፅ ማጉያ ጀርባ ያስጠጋዋል። ካቻቢቴው ከእጁ አምልጦ ብረቱ ላይ ጧ ብሎ ከተለጠፈ ቀኑ ደህና ነው። ማጉያው ከፈረሰ ሲኒማ ቤት የተረፈ የጥንት ዕቃ ነው። ማግኔቱ የሚሠራው በውስጡ በተጠቀለለው ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ብቻ ነው፤ አለዚያ ከተራ ብረት ብዙም አይሻልም፣ ድምፁም ይሰልላል። ኤሌክትሪኩን የሚልከው ሳጥን ሙቀቱ ስለሚያስቸግር ጓዳ ተቀምጧል። በተቃጠለው ሽቦ ፋንታ ያሳቡሮ የብርዱን ወራት ሙሉ አዲስ ሽቦ በእጁ ሲጠቀልል ከርሟል።

ማጉያው ግን ንብረትነቱ የኦኖሚቺ ከተማ የሙዚቃ ሸክላ አድማጮች ማኅበር ነው። በመጪው እሑድ ሦስት የማኅበሩ ሽማግሌዎች መጥተው ይሰሙታል። ከወደዱት እዚያው ይተዉታል፤ ካልወደዱት ሰኞ ጠዋት ጭነው ማዶ ላለው ቡና ቤት ይሰጡታል።

እሑድ ካቻቢቴው ጠፋ።

«ሱሚ! ካቻቢቴዬን አየሽ?»

«ቧንቧው ላልቶ ላጠብቅበት ወሰድኩት» አለች ሚስቱ ከጓዳ። «አንድ ቀን ያለሱ ብትውል አትሞትም!»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ያሳቡሮ ሸክላውን አስነሳ። የወጣው ድምፅ የጎረቤት ሬዲዮ በግድግዳ ሾልኮ የመጣ ይመስል ነበር። ተነስቶ እንዳያይ፣ ግድግዳው ላይ በገዛ እጁ የጻፈው ሕግ አለ፦ ሸክላው ሳያልቅ መናገርም መነሳትም ክልክል ነው። አምና የገዛ ወንድሙን አነጠስክ ብሎ አስወጥቶታል።

ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሊቀ መንበሩ ኢሶቤ ራሳቸውን በቀስታ ይነቀንቃሉ።

አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ከጓዳ የሩዝ መቀቀያው ጢጥ ጢጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ የሸክላው ጥሩምባ ከማጉያው ፈንድቶ ቤቱን አናወጠው። አንደኛው ሽማግሌ ትኩስ ቡናቸውን ጭናቸው ላይ ደፉ፤ ሕጉን አክብረው ግን አልጮኹም።

ሸክላው እንዳለቀ ያሳቡሮ ወደ ጓዳ ሮጠ።

«ምን አደረግሽ አንቺ ሴትዮ?»

«ምን አደረግሁ? ሶኬቱ አንድ ነው። ያንተን ሳጥን ነቅዬ ሩዜን ሰካሁ፣ ሲበስል መለስኩልህ። እንግዶችህ ድንጋይ ይብሉ?»

ሲመለስ ኢሶቤ እየጠበቁት ነበር።

«እውነቱን ልንገርህ ያሳቡሮ፣ መጀመሪያው ግሩም ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥብ ድምፅ በዕድሜዬ አልሰማሁም። በኋላ ግን ምን ነካህ? ጉራ አበዛህ። እንደ መጀመሪያው የምታሰማን ከሆነ ማጉያው እዚሁ ይቀመጥ።»

ያሳቡሮ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ተከትላው የመጣችው ሱሚ እግሩን ረገጠችው።

«እንዳሉት ይሆናል፣ ጌታዬ» አለች።

ማጉያው እዚያው ቀረ። ማኅበሩ በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ሲሰበሰብ ሱሚ ልክ በስምንት ሰዓት፣ ሸክላው ሊነሳ ሲል፣ ሳጥኑን ነቅላ ሩዝ ትጥዳለች።